ወረቀት ሳይደርስ የሚበርድ ጠብ

እውነተኛ ስሙ መታወቂያው ላይ ቀርቷል። ሰዉ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ይደርሳል» እያለ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነበር፤ ከሳሾች መጥተው «ያቺ ወረቀቴ የት ደረሰች?» ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይደርሳል።» መቼ እንደሚደርስ ግን ተናግሮ አያውቅም።

እኔ በዚያው ግቢ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን እያሻሸ የዋለበትን ሁሉ ይነግረኛል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን ከአፉ የሰማሁት ነው።

መጀመሪያ ላይ እኔም ሰነፍ መስሎኝ ነበር። መጥሪያ ከሰጠሁት ሳምንት ያልፋል፣ አሥር ቀን ያልፋል፣ «ተጠሪው አልተገኙም» ብሎ ይመልሰዋል። ተጠሪው ደግሞ በየቀኑ ከሱቁ የማይነቃነቅ ሰውዬ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ «አንተ ሰው፣ እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ እኮ!» አልኩት።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለኝ። «ዓይኑ ቀልቶ ነበር።»

ቀስ እያለ ነው አሠራሩ የገባኝ። ወረቀቷን ከቦርሳው ሳያወጣ አስቀድሞ ሰውየውን ያያል። በሩ ላይ ቆሞ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ የሚጠጣ ውሃ ይለምናል። ሰውየው ደሙ ፈልቶ ካገኘው «በዚህ ሳልፍ ነው» ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ከሳሹ ዘንድ ጎራ ይልና «ያ ሰውዬ ስላንተ ሲጠይቀኝ ነበር» ይለዋል። ውሸቱን ነው። «ምን ብሎ?» ሲባል «ጤናው እንዴት ነው ብሎ ነዋ!» ይላል፤ ይቺኛዋም ውሸት ናት። እንዲህ እያለ ሲመላለስ አንዱ ይበርድለታል፣ ሌላው ያፍራል። ከአሥር መጥሪያ ሦስት አራቱ ሳይደርሱ ይመለሱ ነበር፤ ሰዎቹ ታርቀው።

ዳኞቹም ያውቁ ነበር። አንዷ ዳኛ እንዲያውም መጥሪያው ጀርባ ላይ በእርሳስ «ቀስ ብሎ» ብላ ትጽፍለት ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ያውቁ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከተዘጋው ሲኒማ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያስታርቃሉ፤ አልመጣም ብሎ ያስቸገረ ሰው ሲኖር «ይደርሳልን ላኩበት» ይላሉ።

ነገሩን ላሳምረው ግን አልፈልግም። አንዲት ባልቴት የጎረቤቷ አሸንዳ ጣሪያዋ ላይ እየፈሰሰ ሁለት ክረምት በባልዲ ስትቀዳ ከርማለች። ጎረቤቷ የጋሽ ይደርሳል የቅርብ ወዳጅ ነበር። ይህን ሲያነሱበት ጫማውን ያስራል።

ከዚያ የአውቶቡስ ተራው ረብሻ መጣ። ሁለት ሰፈር በድንጋይ ተፋለጠ፣ ሱቆች ተሰባበሩ፣ ሁለት ሰው ሞተ። ሲጣራ የነገሩ መነሻ ተከሶ መዝገብ ቤት ውስጥ ስድስት ወር የተኛ የአጥር ክርክር ነው ተባለ። የዚያ ክስ መጥሪያ በጋሽ ይደርሳል ቦርሳ ውስጥ አልነበረም፤ በሌላ አድራሽ እጅ ነበር። ቢሆንም ለብዙ ሳምንት ሰው ቀና ብሎ ሲያየው አንገቱን ይደፋ ነበር።

በፕሮጀክት ስም ከውጭ አገር ገንዘቡም ባለሙያውም የመጣው ያኔ ነው። ፕሮጀክቱ ሽማግሌዎቹን ከሲኒማ ቤቱ በረንዳ አነሳ፣ ከእኛ ፍርድ ቤት መዝገቡንና መጥሪያውን ወሰደ፣ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጠና «የጋራ ዕርቅ ጽሕፈት ቤት» አለው። እኔንና ጋሽ ይደርሳልንም አብረው ወሰዱን። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚሽከረከር ወንበር ተሰጣቸው፣ ፊት ለፊታቸው ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ቆመ። ያቺ በባልዲ ስትቀዳ የከረመችው ባልቴት በመጀመሪያው ሳምንት መጥታ፣ በአሥረኛው ቀን ተፈረደላትና አሸንዳው ዞረላት። ይህን ያየ ሰው ፕሮጀክቱን እንዴት ይጠላል?

የፕሮጀክቱ አማካሪ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ናት። ትሑት ናት፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማለች፣ አስተርጓሚው ሳይጨርስ አታቋርጥም። እሷ ያየቻቸው አገሮች ሁሉ ትንሹ ጠብ ሲዘገይ ነው ትልቅ የሆነው። ስለዚህ ደንብ ወጣ፦ ማንኛውም መጥሪያ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይድረስ። መድረሱ እንዲታወቅ ተቀባዩ ወረቀቱን ይዞ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ፤ በጊዜው የደረሰው አረንጓዴ፣ ያልደረሰው ቀይ ይሆናል። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ቀይ ያስመዘገበ አድራሽ ይነሳል።

ጋሽ ይደርሳል በመጀመሪያው ወር ሁለት ቀይ አስመዘገበ።

«እባክህ ጋሼ» አለው የቢሮው አስተባባሪ። ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ስክሪኑን ግን እንደ አባቱ ነው የሚፈራው። «አንተን ማስነሳት እኔ አልፈልግም። ስጥና ና፣ በቃ።»

የአናጢውና የባለ ወፍጮው ጉዳይ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ሰዎች አማቶች ናቸው። የአናጢው ልጅ ለባለ ወፍጮው ልጅ ተድራለች። በአናጢው ሱቅና በወፍጮ ቤቱ መካከል ሁለት ሜትር የማትሞላ መተላለፊያ አለች። አናጢው ሳንቃውን እዚያ ይደረድራል፣ ጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው መግቢያ ያጣል። ከወፍጮው የሚወጣው ብናኝ ደግሞ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያልደረቀ ቁም ሣጥን ላይ ያርፍና ዱቄት የተነፋበት ያስመስለዋል። ለዓመታት እየተነጫነጩም እየተቻቻሉም ኖረዋል። አንድ ሰኞ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ግን ባለ ወፍጮው በሳንቃ ተደናቅፎ ጉልበቱን ተላጠ፤ እያነከሰ በቀጥታ ወደ እኛ ቢሮ መጣ። ወረፋ አልነበረም። ቅጽ የምትሞላው ልጅ «ልሙላልዎት?» አለችው፣ ሞላችለት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጥሪያው ታትሞ ጋሽ ይደርሳል እጅ ገባ።

ማክሰኞ ሲሄድ አናጢው በመዶሻ ሚስማር ሳይሆን ሰው የሚመታ ይመስል ነበር። ወረቀቷ ቦርሳ ውስጥ ቀረች። ረቡዕ ሲመለስ ሱቁም ወፍጮ ቤቱም ዝግ ናቸው። ጎረቤት ጠየቀ።

«ልጅቷ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ናቸው፣ ሁሉም።»

የወረቀቷ ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ይደርሳል ሆስፒታል ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የእናቶች ክፍል ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳውን በተጠጋ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች ተደባልቀው ተቀምጠዋል። የባለ ወፍጮው ሚስት ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳች ለአናጢው ትሰጠዋለች። አናጢው «ስኳሩ በዛ» ይላታል፣ እሷ «ጠጣው ዝም ብለህ» ትለዋለች። ባለ ወፍጮው የሱሪውን ጫፍ ሰብስቦ የተላጠ ጉልበቱን ለአናጢው ሚስት ያሳያታል፣ እሷ ደግሞ እየሳቀች «የኛ ሰውዬ ሳንቃ ነው? ጥሩ አድርጓል!» ትላለች።

«ወረቀቷን እዚያው ልቀዳድዳት ምንም አልቀረኝ» አለኝ ሲነግረኝ።

ባለ ወፍጮውን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ደረጃው ወሰደው።

«ወንድሜ፣ ያንን ክስ አንሳው።»

«የቱን ክስ?» የምሩን ረስቶታል። «እሱን ነው? ኧረ እሱ ለማስፈራራት ነው! ልጅቷ ልሙላልህ አለችኝ፣ ሙዪው አልኳት። አንስቼዋለሁ፣ ቅደደው።»

ጋሽ ይደርሳል እዚያው ደረጃው ላይ ሆኖ ለአስተባባሪው ደወለ። «ከሳሹ አንስቷል። ዝጋው።»

«ጥሩ ነው፣ ይነሳል» አለ አስተባባሪው። «መጀመሪያ ግን ለተከሳሹ ይድረስ።»

«ከተነሳ ለምን ይደርሳል?»

«ሲስተሙ እንደዚያ ነው ጋሼ። ያልደረሰ መጥሪያ መዝጋት አይፈቅድም። አድርሰህ ፎቶውን ላክ፣ ከዚያ እሱ ደግሞ መጥቶ የማንሻ ቅጽ ይሞላል።»

«አንተ ዝም ብለህ አጥፋው።»

«እኔ የማጥፋት ሥልጣን የለኝም። ያለው የውጭ አገሩ ዋና ቢሮ ነው፤ እዚያ ደግሞ አሁን ሌሊት ነው፣ ተኝተዋል። አሥር ሰዓት ላይ ራሱ ይቀላል። ሦስተኛህ ነው ጋሼ፣ እንዳትረሳ።»

ስልኩን ዘግቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ለእኔ ሲናገር ምክንያት አልደረደረም። «ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል። ሦስተኛውን ቀይ ፈራሁ። ሌላ ምንም የለም» ነው ያለኝ።

አናጢውን በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው መስኮት ጠራው። «ይህቺ ወረቀት ምንም ማለት አይደለችም» አለው። «ተነስታለች። ለወጉ ያህል ያዛትና አንድ ፎቶ ላንሳህ።»

አናጢው መነጽሩን አደረገ። ድሮ በእኛ ቅጽ ላይ «አመልካች» እና «ተጠሪ» ነው የሚለው። አዲሱ ቅጽ ከዋናው ቢሮ ተተርጉሞ የመጣ ነው፤ በግራ በኩል «ተጎጂ ወገን»፣ በቀኝ በኩል «ጥቃት አድራሽ ወገን» ይላል። አናጢው ስሙን በቀኝ በኩል አገኘው።

«ጥቃት አድራሽ?» አለ። መጀመሪያ በቀስታ ነው። ቀጥሎ ኮሪደሩን ሙሉ በሚያሰማ ድምፅ፦ «ጥቃት አድራሽ! እኔ? ልጄን የሰጠሁት ሰው ነው እኔን ጥቃት አድራሽ የሚለኝ?»

«አይ፣ ቅጹ ነው እንጂ እሱ አይደለም…»

«ፊርማው የማነው? ይኸው!»

ባለ ወፍጮው ከአግዳሚው ተነስቶ «እኔ እንደዚህ አላልኩም፣ እንቅፋት መታኝ ነው ያልኩት» እያለ መጣ። ግን ፊርማው የእሱ ነው። የአናጢው ሚስት የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ኮሪደሩን ተሻግራ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እህቷም ተከተለቻት። ጋሽ ይደርሳል ያኔ ፎቶውን አነሳ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ያንን ፎቶ እኔ ፋይል ውስጥ አያይዤዋለሁ፤ አናጢው ወረቀቱን በደረቱ ልክ ይዞ፣ እስረኛ የሚነሳውን ይመስላል።

ከአፍታ በኋላ ነርሷ ብቅ ብላ «የማን ቤተሰብ ናችሁ? ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትል አግዳሚውም ወንበሩም ላይ ያሉት በየፊናቸው «እግዜር ይመስገን» አሉ። እርስ በርስ እንኳን ደስ ያለህ የተባባለ አልነበረም።

ክሱ አልተነሳም። ባለ ወፍጮው ሊያነሳ ሲመጣ አናጢው ቀድሞት የመልስ ክስ ሞልቶ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ መምህር ነው የሚላቸው። በረንዳው ላይ በነበሩ ጊዜ ነገር ሲጦዝ «ሂዱና ሻይ ጠጥታችሁ ኑ፣ አብራችሁ!» ብለው ያሰናብቱ ነበር። አሁን አጀንዳ አለ፣ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ውሉ በጊዜው ተጻፈ፦ አናጢው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መተላለፊያውን ነፃ ያደርጋል፣ ባለ ወፍጮው የብናኝ መውጫው ላይ መከለያ ይሰቅላል። ሁለቱም ፈረሙ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ «ተዘግቷል» አለ።

ውሉን ደግሞ አከበሩት! ችግሩ እሱ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል አናጢው ሳንቃውን በመተላለፊያዋ ላይ ያጋድማል፤ አሥራ አንድ ከአምስት ላይ ጆንያዋን ተሸክማ የመጣች ሴት ቆማ ብትለምነው ሰዓቱን ያሳያታል። ባለ ወፍጮው መከለያውን ሰቀለ፣ ብናኙን ግን በቀጥታ ወደ አናጢው መስኮት አዙሮ። መከለያ ስቀል እንጂ ወዴት አዙር የሚል ውሉ ውስጥ አልተጻፈም። ልጅቷ ሕፃኗን ይዛ ከአናጢው ሱቅ ጀርባ ያለው እናቷ ቤት ከገባች በኋላ ሦስት ወር አልፎም ወደ ባሏ አልተመለሰችም። ባሏ ጠዋት ጠዋት መተላለፊያዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ልጁን በመስኮት ያያል።

ጋሽ ይደርሳል እንደ ልማዱ ሊያበርድ ሄደ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በባዶ እጁ። አናጢው ከመላጊያው ላይ ቀና ሳይል «ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አለው።

«ምንም አልያዝኩም። ሰላም ልልህ ነው።»

«አንተን አልጠላህም» አለው አናጢው። «ግን አንተ በር ላይ ስትቆም እጄ ራሱ መነጽሬን ይፈልጋል። ሂድልኝ።»

ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት። ቤቷ ውስጥ መጋረጃ የምትሰፋ፣ ነገር የማትሸፋፍን ሴት ናት። «ምን ትጠብቃለህ?» አለችው መርፌዋን ሳትተው። «ድሮ ሲያዩህ ወሬ ይዞልን መጣ ይሉ ነበር፣ አሁን ፎቶ አንሺ ነህ።»

ይህ ነገር ሲያቃጥለው ከረመና በግማሽ ዓመቱ የግምገማ ስብሰባ ላይ ፈነዳ። አማካሪዋ መጥታ ነበር። አስተባባሪው ስክሪኑን እያሳየ ዘጠና አንድ በመቶ አረንጓዴ መሆኑን ሲያስረዳ ጋሽ ይደርሳል እጁን አወጣ።

«እኔ አንድ ነገር ልበል። ሰው ሲናደድ ወረቀት አይሰጠውም። የሚነድ ቤት ላይ ወረቀት መጣል ነው። እኔ ዘግይቼ የማውቀው ስንፍና ይዞኝ አይደለም፣ እስኪበርድ ነው።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። አማካሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ፊቷ በራ። እሷ የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከመጣች ጀምሮ የአካባቢውን ዕውቀት ንገሩኝ እያለች ስትለምን የነገራት አልነበረም።

«ስንት ቀን ትቆያለህ?» አለችው።

«እንደ ሰዉ ነው።»

«በአማካይ?»

«አማካይ የለውም እመቤቴ። አንዱ በሁለት ሰዓት ይበርዳል። አንዱ ደግሞ ወር። አንዳንዱን ጨርሶ ማዘግየት አይገባም፣ በዚያው ሰዓት ነው ሮጠህ መድረስ ያለብህ።»

«ይገባኛል» አለች፣ የምሯን ነው። «ግን ብዙ ጊዜ?»

«ብዙ ጊዜማ… እንግዲህ… ሳምንት።»

ጻፈችው።

ከአንድ ወር በኋላ መመሪያ መጣ። «የማብረጃ ጊዜ» ይላል ርዕሱ። ማንኛውም መጥሪያ ከሰባት ቀን በፊት አይታተምም፣ አይደርስም። ከመመሪያው ጋር የመጣው በራሪ ወረቀት ላይ ደግሞ የጋሽ ይደርሳል ፎቶ አለ፣ ቦርሳውን ይዞ ፈገግ ብሎ፤ ከሥሩ «ከአካባቢው ነባር ዕውቀት የተወሰደ» ይላል። እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ለረጅም ጊዜ አየው።

«እኔ እንዲህ አልኩ?»

«ሳምንት ብለሃል።»

«‹እንደ ሰዉ ነው› ብያለሁ። አላልኩም? አንተ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«የታለ ታዲያ ‹እንደ ሰዉ›? የት ገባ?»

ሰባት ቀኑ ጨርሶ መጥፎ ነበር አልልም። ሁለት ሦስት ጉዳይ ሳይታተም ታርቋል። ከዚያ ግን የሆቴል አንሶላ የምታጥብ አንዲት ሴት መጣች። ወንድሟ ሹፌር ነው። በእናታቸው ቤት ጉዳይ ተጣልተው ወንድምየው ቁልፉን ቀይሮባታል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እናታቸው ናቸው፤ በሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋትና ማታ የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው እሷ ነበረች። ወንድምየው ጠዋት ውሃ አጠገባቸው አኑሮ ቆልፎ ይወጣል።

«ትናንትም ዛሬም አልገባሁም» አለች። «መገላበጥ አለባት። ካልተገላበጠች ቆዳዋ ይሄዳል።»

ቅጹ ተሞላ። ሲስተሙ መጥሪያው የሚታተምበትን ቀን አሳየ፦ የሚቀጥለው ማክሰኞ።

ጋሽ ይደርሳል ወደ አስተባባሪው ገባ፤ እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይቺ ዛሬ ነው የምትደርሰው። አሁን አትምልኝ።»

«ጋሼ፣ የማብረጃ ጊዜው…»

«ይበርዳል እንዴ የአሮጊት ገላ?!»

«ራስህ ያመጣኸው መመሪያ ነው እኮ! ፎቶህ ሁሉ አለበት!»

በሩን በኃይል ሲዘጋው የእኔ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ባዶ ቦርሳውን አንግቦ ወጣ።

ወንድምየውን መኪናውን ሲያጥብ አገኘው። እንደ ድሮው ስለ ጤናው ጠየቀ፣ ውሃ ለመነ። ሹፌሩ ውሃውን አልሰጠውም።

«ወረቀትህ የታለ?»

«የለኝም።»

«ያለ ወረቀት ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። እኔው ነኝ የመጣሁት።»

«እንግዲያው ወረቀት ስትይዝ ና» አለው፣ ጀርባውን ሰጥቶ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ቦርሳው ውስጥ እየደበቀ ሰው ቤት ሲገባ የኖረ ሰው፣ ወረቀት ስለሌለው ከበር ተመለሰ።

በቀጥታ የሄደው መምህሩ ቤት ነው። መምህሩ የተፈታታ ሬዲዮ ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነገሩን ሰሙና ብሎን መፍቻውን አስቀመጡ።

«ፈርሜያለሁ እኮ» አሉ። «ከጉባኤ ውጪ ባለጉዳይ አላገኝም ብዬ የሥነ ምግባር ደንቡ ላይ ፈርሜያለሁ።»

«አውቃለሁ መምህር። እኔም ያለ መጥሪያ መሄድ የለብኝም።»

«ለምን እንደዚያ እንዳሉ ገብቶኛል። በየቤቱ እየዞርን አድልተናል፣ ውሸት አይደለም።» ሬዲዮውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ሹፌሩ ስምንተኛ ክፍል እኔ ጋ ነበር። ሦስተኛ መደዳ፣ በበሩ በኩል። ባለጉዳይ ከመሆኑ በፊት ተማሪዬ ነው።» ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሹፌሩ መምህሩን ሲያይ የያዘውን ጨርቅ ጣለ። መምህሩ አልተቆጡም፣ አልመከሩም። «ክፈተው» ብቻ ነው ያሉት። ከፈተው። እህትየው ገብታ አንሶላውን ገለጠች። የእናትየው ጀርባ መቁሰል ጀምሯል። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አየ፣ ወጣ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘግቶ ተቀመጠ። መምህሩ ሌላ ቁልፍ እንዲሰጣት አዘዙት፣ ሰጣት።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ቢሯችን መጣ። ክስ ሊያቀርብ ነው። እህቱን አልከሰሰም፤ ያለ መጥሪያ ቤቴ ድረስ መጥተው አስገድደውኛል ብሎ የከሰሰው መምህሩንና ጋሽ ይደርሳልን ነው። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ሞላችለት። ትክክል ነው፣ መብቱ ነው። ደንቡን ሳነበው እኔም ስህተት አላገኘሁበትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። አማካሪዋ ስብሰባ ጠርታ እየተጨነቀች «የእናትየው ጉዳይ በጣም አሳዝኖኛል፣ ግን ዛሬ እናንተ በበጎ ያለፋችሁትን በር ነገ ሌላው በክፉ ያልፈዋል» አለች። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት» አሉ። «እኛም ልክ ነን።» አስተርጓሚው ሁለተኛውን ተረጎመው አልተረጎመው አላውቅም።

ለሁለቱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤ የሚያደርሰው አድራሽ ነው፣ አድራሹ ደግሞ ጋሽ ይደርሳል ነው። የመምህሩን አደረሰ፣ ፎቶ አነሳቸው። የራሱን ይዞ እኔ ጠረጴዛ ጋ መጣ።

«ይኼስ?»

«ፊርማና ፎቶ ይላል» አልኩት።

ራሱን ሊያነሳ ሞከረ፤ መጀመሪያ ግንባሩ ብቻ ወጣ፣ ቀጥሎ ጣሪያው። ስልኩን ተቀብዬ እኔ አነሳሁት። አልሳቅንም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሳምንት ሙሉ ይስቅበት ነበር።

መምህሩ በዚያው ወር ለቀቁ። ጤና ነው አሉ። የሲኒማ ቤቱ በረንዳ ግን አሁን የስልክ ሱቅ ሆኗል፤ የሚመለሱበት የለም። አማካሪዋ ጊዜዋን ጨርሳ ሄደች፣ ስትሄድ ጋሽ ይደርሳልን አቅፋ አለቀሰች። በእሷ ቦታ የመጣው ሰውዬ ሰባቱን ቀን አምስት አደረገው። እኔ «ጥቃት አድራሽ» የሚለው ቃል ከቅጹ ላይ እንዲወጣ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ቅጹ የጸደቀው ከፕሮጀክቱ ጋር ስለሆነ የሚለወጠው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነው የሚል መልስ መጣልኝ። ፕሮጀክቱ ሁለት ዓመት ተራዝሟል። የአናጢውና የባለ ወፍጮው ጉዳይ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ በአሥራ አራት ቀን ከተፈቱት ውስጥ ተቆጥሯል።

ልጆቹ ራሳቸው ነገሩን ጨረሱት፤ ከሁለቱም ወላጆች ርቀው፣ ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ ቤት ተከራዩ። አስታራቂ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ማንንም አላማከሩም። አያቶቹ ሕፃኗን የሚያዩዋት በየተራ እየሄዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ይደርሳል በዚያ ሰፈር መጥሪያ ይዞ ሲዞር አትክልት ተራው ጋ አገኛቸው። ባልየው ሰላም አለው። ሕፃኗ መራመድ ጀምራለች፣ ጫማውን ነካ ነካ አደረገችለት። እናቷ ቲማቲም እየመረጠች ነበር፤ ቀና ብላ አየችው፣ ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈቻትና ወደሚቀጥለው መደብ አለፈች።

«ምናልባት አላወቀችህም» አልኩት ሲነግረኝ።

«አውቃኛለች» አለ። ጫማውን አስሮ ተነሳ፣ የከሰዓቱን መጥሪያዎች ከጠረጴዛዬ ላይ ሰበሰበ፣ ቆጠራቸው፣ ፈርሞ ወጣ።